ኖርአድሬናሊኔና የጸሎት ቡድኑ

ጭንቀት ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው ይባላል። አይደለም። እኔ ሲጨንቀኝ ጭንቅላቴ ባዶ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት የደም ሥሮቼ ላይ የተጠመጠሙት ነርቮች ናቸው። ሳያማክሩኝ ኖርአድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫሉ፤ የደም ሥሩ ይጠብባል፤ የደም ግፊቴ ይወጣል።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ በስደት የምኖርበት ዓረብ አገር፣ አል ዋሕዳ ሰፈር ያለ አንድ ሐኪም ግፊቴን አይቶ ከኩላሊቴ በላይ ካለችው ዕጢ ላይ እብጠት ጠረጠረ። በደሜ ያለው ኖርአድሬናሊን በጣም ከፍ ካለ ቀዶ ሕክምና ሊከተል ይችላል አለኝ። ለምርመራው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደሜ ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት በጀርባዬ ተኝቼ ጸጥ ማለት።

ለሚስቴ ነገርኳት። እሷ ለጸሎት ቡድኗ ነገረች።

በምርመራው ቀን ክሊኒኩ ውስጥ በተኛሁ በሃያኛው ደቂቃ በሩ ተከፈተ። አራት እህቶች ከአል ዓይን ከተማ በአውቶቡስ መጥተዋል፤ መሪያቸው ደግሞ ሳዲያት ደሴት ሆቴል የምታጸዳ፣ የዕረፍት ቀኗን የሰዋችልኝ ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ እንዳትነሣ! እንደተኛህ እጅ ለመጫን ይመቻል» አለችኝ መሪዋ።

«እህቴ፣ ሐኪሙ ጸጥታ ያስፈልጋል ብሏል።»

«አንተ ጸጥ በል። የምንጮኸው እኛ ነን።»

አሥር እጆች አረፉብኝ። «ይህ እብጠት ይነቀል!» ስትል፣ መኖሩ ገና አልተረጋገጠም ብዬ ልከራከር ነበር። ነርሷ ደሜን የቀዳችው በሁለት «አሜን» መካከል ነው።

ውጤቱ ጣራ ነካ። ሐኪሙ ስለ ቀዶ ሕክምና ማውራት ሲጀምር ሚስቴ እጄን ያዘች። ያኔ እውነቱን አወጣሁ።

«ስንት ነበሩ?» አለኝ ሐኪሙ።

«አምስት።»

«ድምፅ ማጉያ ይዘው ነበር?»

«አያስፈልጋቸውም።»

ሲስቅ ቆይቶ አስረዳኝ። በጩኸቱ የተረጨው ኖርአድሬናሊን ያለ እብጠትም ውጤቱን ሊያንረው ይችላል፤ እሱስ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል። ነርቩ ክፉኛ ሲቀሰቀስ ግን ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርም ይለቃል፤ እሱ ቀስ ብሎ መጥቶ ብዙ ይቆያል። ወዲያው ገባኝ። አንደኛው ጮሆ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ በር ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት የሚያወራ። እህቶቼም ከመጨረሻው «አሜን» በኋላ በሩን ይዘው የአንዷን አሠሪ ማዳም አመል ሲያነሡ ሲጥሉ ነበር።

ምርመራው ሐሙስ ጠዋት ይደገማል። እብጠቱ ይኑር አይኑር ያን ቀን እናውቃለን። ሚስቴ እህል አልቀምስ ብላለች፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ብትወደኝም ባትወደኝም፣ ሐሙስ አትምጣብኝ። ቤትህ ሆነህ በልብህ ጸልይ።