ለተቀመጠ ዘፋኝ የሚሆን ማቆሚያ

መሐል ሜዳ ከተማ አዳራሽ የሄድኩት የአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ኮንሰርት ለሬዲዮ ልቀዳ ነው። ሰውየው ከጓሳ በኩል የመጣ ገበሬ ነው፤ ድምፁ በሬዲዮ ሲሰማ የመጀመሪያው ሊሆን ነው። ጣቢያው የፈለገው ሳይቋረጥ የተቀዳ አንድ ሙሉ ዘፈን ብቻ ነበር።

ተቀምጦ ስለሚጫወት አጭሩን የማይክራፎን ማቆሚያ መረጥኩ። ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ወደ አዳራሹ ገቡ። ዘፋኙ ዘፈኑን አቁሞ «ኖር!» ብሎ ተነሣ፤ ታዳሚውም አብሮት ተነሣ። ማይክራፎኑ ጉልበቱ ሥር ቀረ። ሽማግሌው «በእግዜር!» ብለው ሲቀመጡ እንደ አዲስ ጀመርን። ወዲያው ሌላ ሽማግሌ ገቡ። ረጅሙን ማቆሚያ አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ ሲቀመጥ ድምፁ አልደርስ አለ።

«ባትነሣስ?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ሲገቡ ተቀምጬ ልዝፈን? አገሬው ምን ይለኛል?»

አጭሩን መልሼ ተከልኩና በሩን አስዘጋሁ። ዘፈኑ ያለ እንከን ቀጠለ። አዳራሹ ግን በሰው ብዛት ታፈነ። ፊት ለፊቱ እንደተቀመጥኩ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባብኝ ኮፍያዬን አውልቄ ሽበታም ራሴን ጠረግኩ። የቀረው የመጨረሻው ስንኝ ብቻ ነበር። ዘፋኙ ቀና ብሎ አየና ማሲንቆውን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ኖር፣ አባቴ!»

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ማን እንደገባ ለማየት ዞርኩ። በሩ እንደተዘጋ ነው።