ያልተቀየረው ዘብ

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት መጋዘኑን ዞሮ አይቶ ከቆለፈ በኋላ ጓጉንቸሩን ይጎትታል፤ ጥቂት ራቅ ይልና ተመልሶ ደግሞ ይጎትታል። ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። መጋዘኑ ባዶ መሆኑን ያውቃል። በወታደርነቱ ዘመን የጥይት ግምጃ ቤት ይጠብቅ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «አስር አለቃ» ይለዋል።

ፊልም ሠሪዎቹን ወደ መጋዘኑ ያመጣቻቸው ልጁ ነች። የተዋንያኑን ልብስ ታዘጋጃለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ፊልሙ በጦርነት መሀል የገዛ ጦራቸውን ወርቅ ሊሰርቁ የተነሡና አንድም ነገር የማይሳካላቸው ወታደሮች አስቂኝ ታሪክ ነው። ተኝቶ የሚዘረፍ ዘበኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ሲጠፋ «አባቴ አለላችሁ፤ መተኛት ምን ያቅተዋል?» ያለችውም እሷ ነች።

መተኛት አቃተው።

የእንጨት ጠመንጃ ታቅፎ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሌቦቹ በእግር ጣታቸው እየረገጡ መጡ። የአንዱ እጅ አንገቱ ጋ ሲደርስ «ቁም! ማነህ?» አለ። ሌቦቹ ቆሙ፤ አንደኛው ማንም ሳያዘው እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ተኝተዋል እኮ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ተኝቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሰሙ?»

«ኮቴ ነዋ። ኮቴ ተኝተውም ይሰማል።»

በሁለተኛው ቀረጻ አፉን ዘጋ፤ እጁ ግን የሌባውን እጅ ጨምድዶ ያዘ።

«አባባ፣ ይቺን እጅ ለነገም እፈልጋታለሁ» አለ ሌባው።

ሁሉም ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። ወደ ልጅቷ ዞሮ «አሁንም ካልተኛ ነገ ሌላ ዘበኛ አመጣለሁ፤ ልብስ የሚያዘጋጅም ሌላ ሰው» አላት።

ልጅቷ የአባቷን ኮሌታ ለማስተካከል ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ ውሸት እኮ ነው። ወርቁ እንጨት ነው፤ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቸገረህ?»

አሰበ። «በሩ እውነተኛ ነው። ቁልፉም የኔው ነው። ዘብ ሳይቀየር ደግሞ እንዴት ይተኛል?»

ልጅቷ ጥላ ሥር ከተቀመጡት አጃቢ ተዋንያን መካከል «ግንቡ» የሚባለውን ግዙፍ ጡረተኛ ወታደር ይዛ መጣች። የሻምበል ልብስ የለበሰውንም ተዋናይ ጠራችና በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

«አስር አለቃ፣ ዘብህን አስረክብ» አለ ሻምበሉ።

ይህ ሻምበል ጠዋት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቀው ነበር። ቢሆንም ዘበኛው የሰውዬው ትከሻ ላይ ያለውን ማዕረግ ሲያይ ብድግ አለ። «በሩ ተቆልፏል። አዲስ ነገር የለም» ብሎ ቁልፉን ለግንቡ ሰጠ። ግንቡ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ከካሜራው ጀርባ፣ በግቢው የውጭ በር ላይ ቆመ። ልጅቷ የጓጉንቸሩን ትርፍ ቁልፍ አምጥታ አባቷ አንገት ላይ አጠለቀች።

ዘበኛው ተቀመጠና እንቅልፍ ወሰደው። አንኮራፋ። ሌቦቹ ቁልፉን ወሰዱ፤ የወርቁን ሣጥን ሲያወጡ እግሩ ሥር ጣሉት፤ አልነቃም። ዳይሬክተሩ ሳቁ እንዳይሰማ አፉን በእጁ ያዘ።

ሲነቃ ዕቃው እየተጫነ ነበር። አንገቱን ዳሰሰ። ባዶ ነው።

«ሰረቁን?» አላት ልብስ የምታጣጥፈውን ልጁን።

«ሰረቁን፣ አባዬ። አሳምረው ነው የሰረቁን።»

ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም። ወደ ውጭው በር ሄደ። ግንቡ እዚያው ቆሟል። የአጃቢዎቹ መኪና ጡሩምባ ያሰማል።

«ና እንጂ፣ ጥለንህ ልንሄድ ነው» ይላል ሾፌሩ።

«ማን ቀየረኝና?» ይላል ግንቡ።

ሻምበሉ ጂንስ ሱሪ ለብሶ መኪናው ውስጥ ብስኩት ይበላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዩት፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«አዲስ ነገር አለ?» አለ ዘበኛው።

«የለም። ወርቁ ተሰርቋል።»

«እሱን ሰምቻለሁ።»

ቁልፉን ተረከበ። ሄዶ ጓጉንቸሩን ጎተተ፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ተመለሰና ደግሞ ጎተተ። ቀረጻው ነገ ወደ ድልድዩ ይዛወራል፤ ልጁም ልብሶቹን ይዛ አብራ ትሄዳለች።