ተጭኖ መናገር፦ ከባሕር ዳር ቁንዝላ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ ማለዳ ከሰባታሚት ሰፈር በባጃጅ ወደ ሐይቁ ስወርድ በኪሴ ሁለት ስልክ፣ በልቤ አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር፦ የአጎቴ ጀልባ እንዳትሸጥ።

አጎቴ ጋሽ ዳኘው ሃያ ዓመት ሙሉ ከባሕር ዳር ቁንዝላ በሞተር ጀልባ ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ሐይቁ መሀል ማዕበል ያዛቸው። አንድ እጃቸው የሞተሩን እጀታ ይዞ፣ ሌላው ውሃ እየጨለፈ ሲያፈስ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ደጋግመው ደወሉላቸው። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ጋሽ ዳኘው በሰላም ገቡ፤ እትዬ ዘውዴ ግን ያን ቀን ያለቀሱትን አልረሱም። አሁን ለጀልባዋ ገዥ ተገኝቷል፤ ሰኞ ይመጣል። እትዬ ዘውዴ ሽጣት ብለዋል። ጋሽ ዳኘው እሸጣለሁም አልሸጥምም ሳይሉ፣ ጀልባዋን ቀለም መቀባት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ቀን ሥራ በምውልበት ሕንፃ ላይ ጥበቃዎቹ በእጅ ሬዲዮ ሲነጋገሩ ዘወትር አያለሁ። ቁልፉን ይጫናሉ፣ ይናገራሉ፣ ይለቃሉ። መደወል የለ፣ ማንሣት የለ። ይህንኑ በተራ ስልክ የሚያሠራ አፕ እንዳለ አንድ ጓደኛዬ አሳየኝ። ቁልፉን ስትጫን ድምፅህ በቡድኑ ላሉት ሁሉ ወዲያው ይደርሳል፤ ሰሚው ስልኩን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። ሄጄ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ቁንዝላ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ድምፁን እየሰማሁ ከዋልሁ ገዥውን እመልሰዋለሁ፣ ካልሆነ ግን ሰኞ ትሸጣለች አሉኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

አሥራ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስድስት ሣጥን ቢራ፣ ለገዳም የሚደርስ ዱቄትና ዘይት ጫንን። በቡድኑ አራት ነን፦ ጋሽ ዳኘው፣ እትዬ ዘውዴ፣ እኔ፣ እንዲሁም ሲሳይ የሚባል ሌላ ባለጀልባ። ሲሳይ ከእኛ ቀድሞ ስለሚሄድ የነፋሱን ነገር ሊነግረን ተስማምቷል። ጋሽ ዳኘው ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ በዳሰሳ እንዲያገኙት፣ አፑን ጭኜ በሰጠኋቸው ስልክ ጎን ያለውን የድምፅ ቁልፍ መናገሪያ አደረግሁላቸው። የእኔን ስልክ አጠፋሁት፤ ሁለቱ አንድ ጀልባ ላይ ከበሩ ይጯጯኻሉ።

ገና ከዳር ሳንርቅ የእትዬ ዘውዴ ድምፅ መጣ።

«ዳኘው፣ ቁርስህን በልተሃል?»

ጋሽ ዳኘው ቁልፉን ከመፈለጋቸው በፊት ሲሳይ ከፊታችን፣ ከማይታይበት ቦታ መለሰ። «እኔ አልበላሁም እትዬ። ለእኔም ቢያስቡልኝ።»

ጋሽ ዳኘው እየሳቁ መለሱላቸው፤ እጀታውን አልለቀቁም፣ ዓይናቸውም ከውሃው አልተነሣም። ደብተሬን አውጥቼ ገጹን በመሥመር ለሁለት ከፈልሁ። በአንዱ ወገን «ፈጣን ነው፤ እጅ አያስፈታም» ብዬ ጻፍሁ፤ በሌላው «ሁሉም ሰው ይሰማል»።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ደሴቱ

ዱቄቱን የምናወርድበት ደሴት ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። ከረጢቱን ተሸክመን የግቢውን በር አለፍን። መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ከቅጠል ኮሽታ በቀር የሚሰማ የለም። ስልኩ በጋሽ ዳኘው ኮት ኪስ ውስጥ መሆኑን ሁለታችንም ረስተነዋል።

«ዳኘው! ምነው ዝም አልህ? የት ደረስህ?»

የሴት ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንድ ሁለት ቆብ ዞረ። ጋሽ ዳኘው ልታመልጥ ያለች ዶሮ እንደሚይዝ ሰው ኪሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ዱቄቱን የሚረከቡት አባ ኪሮስ ቀስ ብለው መጡ።

«በዚህ በር ሴት ገብታ አታውቅም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንተ በኪስህ ይዘሃት ገባህ።»

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። በል መልስላት፤ ጨንቋት ነው። ግን ከበሩ ወጥተህ።»

ስልኩ የት እንዳለህ አይጠይቅም፤ ድምፁን እዚያው ያፈስሰዋል። ይህንንም በመጥፎው ወገን መዘገብሁ። አባ ኪሮስ እስከ ጀልባዋ ሸኙን፤ ሲሰናበቱን ፊታቸው ላይ ሳቅ ያየሁ መሰለኝ።

ከደሴቱ ወዲያ ኔትወርክ ጠፋ። አፉ የተዘጋ ስልክ ይዘን አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ዳሩ በደንገል ቄጠማ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሁለት ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው አሳለፉን። የቁንዝላ ቆርቆሮ ማብረቅረቅ ሲጀምር ስልኩ ነፍስ ዘራ። ያልሰማነው ሁሉ ግን አልደረሰንም፤ በዚህ አፕ ያመለጠ ድምፅ አመለጠ ነው። እትዬ ዘውዴ ድምፃቸው ደርቋል። ይቺን አልቆጥራትም፣ ደግማችሁ ዝም ካላችሁ ግን ሰኞን አልጠብቅም፣ ለሰውዬው ዛሬውኑ እደውላለሁ አሉ።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፣ ቁንዝላ

ሲሚንቶውንና ቢራውን አራት ተሸካሚዎች ወሰዱት። መንገዱ አቧራ ነው፤ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች ሳይቀሩ ግራጫ ሆነዋል። አንድ ሙሉ ቀረሶ ዓሣ በአራት መቶ ብር አስጠብሰን፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ለሁለት በላነው። የምትጠብሰው ሴት ስልኩ በራሱ ሲያወራ ሰምታ ምንነቱን ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«ለባሌ እንዳታሳየው» አለች ዓሣውን እያገላበጠች። «እሱ ዋሽቶ የሚገባው በየቀኑ ነው። አሁን በሰላም የምንኖረው ስለማልሰማ ነው።»

ሳቅን። ሲሳይ ጭነቱን አራግፎ ቀድሞን ወጣ። እኛ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቦታ ለእትዬ ዘውዴ አስቀድመን ነግረን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ጀልባ ይዘን ተነሣን።

ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ሐይቁ ላይ

ኔትወርክ ተመልሶ ጥቂት እንደሄድን ነፋሱ በቀጭኑ ጀመረ። ባዶ ጀልባ ቀላል ናት፤ ማዕበሉ እንደ ልቡ ያነሣታል። ውሃ ሲረጨን ጋሽ ዳኘው የሐይቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፦ ስልኩን በፌስታል ጠቀለሉት፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ክር ጥምጥም አድርገው አሰሩት፣ እጀታው አጠገብ ካለው ምስማር ላይ አንጠለጠሉት። እኔ ውሃ መጨለፍ ያዝሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከስልኩ ምንም አልወጣም። ጋሽ ዳኘው እጀታውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ። ጥርሳቸውን ሲነክሱ አየሁ።

«ይበልጣል» ብለው በስሜ ጠሩኝ፤ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለዘውዴ ግን እንዳትነግር። ይቺ ቀኝ ትከሻዬ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሞተር አጥብቃ አትይዝም። ያን ቀን ስልኩን ያላነሣሁት እጄ ተይዞ ብቻ አይደለም። ማንሣትስ እችል ነበር። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ እንዳትሰማው ፈራሁ።»

ውሃውን መጨለፌን ቀጠልሁ። ከዚያ ሲሳይ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቁኝ። ወደ ሐይቁ የገባውን የዘጌን ጫፍ ሳንደርስ የነፋሱን ነገር ሊነግረን ይገባው ነበር። ስልኩን ከምስማሩ አወረድሁት። በፌስታሉ ውስጥ ቀይ ነጥብ በርቷል። የጎማው ክር በጎኑ ያለው ቁልፍ ላይ አርፎ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። ከታሰረ ጀምሮ እኛ ነን የምንናገረው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም። ቁልፉን እዚያ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ክሩን በጥርሴ በጠስሁት። ሲሳይ ወዲያው ገባ፤ ድምፁ ሰልሏል።

«ጋሽ ዳኘው፣ የዘጌን ጫፍ እንዳትዞሩ። ማዶው ክፉ ነው፤ እኔም ለጥቂት ነው ያመለጥሁ። በቀኝ ወዳለው ዳር ግቡና ጠብቁ።»

እጀታውን ተቀበልኋቸው። እሳቸው መጨለፊያውን ወስደው ከፊቴ ተቀመጡ፤ በግራ እጃቸው እያመለከቱ፣ ማዕበሉን በጎን አትቀበል፣ በአፍንጫዋ ግባበት እያሉ መሩኝ። ክንዴ እስኪደነዝዝ ያዝሁ። ደንገሉ ውስጥ ገብተን ሞተሩን አጠፋሁ።

የእትዬ ዘውዴ ድምፅ ቀደመን።

«ዳኘው።»

«አቤት።»

«ትከሻህን ሰማሁ።»

ጋሽ ዳኘው ቁልፉን ተጭነው ለቀቁት። ከዚያ ሲሳይ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ነፋሱ ሲበርድ ተነሥተን ገባን። እትዬ ዘውዴ ወደቡ ላይ ቆመው ጠበቁን። የባላቸውን ቀኝ ትከሻ በእጃቸው ጫን አድርገው ያዙት፤ ጋሽ ዳኘው ፊታቸውን አኮማተሩ፣ አልካዱም። ገዥውስ ብዬ ጠየቅሁ።

«ደውዬ አትምጣ ብዬዋለሁ» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ደኅና ነኝ ሲለኝ ኖሯል። እውነቱን ከነገረኝ ይሂድ። ሞተሩን ግን ካሁን ወዲያ አንተ ነህ የምትይዘው።»

የቀን ሥራዬን ተውሁት ማለት ነው፤ አልቆጨኝም።

ማታ ደብተሬን ስገልጥ የመጥፎው ወገን ከጥሩው ይረዝማል፦ ኔትወርክ ከሌለ የለም፣ ባትሪ ይበላል፣ ገመናን አይጠብቅም፣ አንድ የተጣበቀ ቁልፍ የሁሉንም አፍ ይዘጋል። ልሠርዘው አልፈለግሁም፤ በየአንዳንዱ አንጻር የምናደርገውን ጻፍሁበት። ቁልፉ ከጎን ወደ ስልኩ ፊት ይዛወራል። ስልኩ አንገት ላይ ይንጠለጠላል እንጂ በጎማ አይታሰርም። ገዳም ከመግባታችን በፊት ይጠፋል። ሲሳይ ያለበት ቡድን ለነፋስ ብቻ ነው፤ ለቁርስና ለትከሻ ሌላ ቡድን ከፍቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ገዥው ይመጣ በነበረበት ሰዓት እኛ ዘይት ጭነን ወጣን። እጀታው በእጄ ነው። ከዳር ስንርቅ ጋሽ ዳኘው ስልኩን ከአንገታቸው አንሥተው ቁልፉን ተጫኑ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ወደ ሞተሩ አስጠግተው ጥቂት ያዙትና ለቀቁት።

«ሰማሁ» አሉ እትዬ ዘውዴ።