በግማሽ ቅል የዞረ መንኮራኩር

ዛሬ ጠዋት የሰው ሱሪ ከገዛ ጋቢዬ ጋር ሰፋሁ። ልብስ ሰፊው ምንም አላጠፋም። የተቀደደ ኪሴን ሊጠግንልኝ ተቀብሎኝ መቀስ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረብሁት እኔ ሽማግሌው፣ የስፌት መኪናውን ባዶውን ባገኘሁት ጊዜ እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍሁ። ቸክ ቸክ አለ። የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከጎን ያለው ክብ ብረት ዞረ፤ ደስ አለኝና ጨመርሁበት። ሰውየው ሲመለስ የጋቢዬ ጫፍ ከአንድ ጸሐፊ ሱሪ ጋር ተጋብቶ ነበር።

«አባባ! ምን ነካዎት? ይኼ እኮ የሰው ሱሪ ነው!»

«ጋቢውስ የሰው አይደለም?» አልሁት።

ክሩን አንድ በአንድ እየበጠሰ ሲፈታኝ እኔ እንደታሰረ ፍየል ቆሜ ከመኪናው በታች ያለችውን ዘንግ አያለሁ። እግር መርገጫውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ ዘንጓ ትቀበላለች፤ ክቡ ይዞራል። ይህችን ዘንግ ከስድሳ ዓመት በፊት የሚያሳየኝ ባገኝ ኖሮ አንድ ውርደት ይቀርልኝ ነበር። ሌላውን ግን እንጃ።

ጊዜው ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ግድም ነው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ለመውረድ ጓዙን ያነሣ ነበር፤ ክፉው ቀንም ገና አልመጣም። ዛሬ ባሕር ዛፍ የሞላው የየካ ዳገት ያኔ ጥድና ወይራ ነው። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ እንጦጦ ላይ ለአንድ ፈረንጅ አናጢ ሚስማር አቀብል ነበር። ሥራዬ ማቀበል ብቻ ሲሆን፣ ሰፈር ስወርድ የእንጦጦን ግማሽ የሠራሁት እኔ እንደሆንሁ አወራለሁ። የማድረው የካ፣ አባቴ ባገለገለባት በአንዲት ባለርስት እመቤት ግቢ ውስጥ ነው።

በግቢው ጥግ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅረት አፋፍ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረ። ከጎሕ ጀምሮ መጁ በወፍጮው ድንጋይ ላይ ገርር፣ ገርር ይላል፤ ፈጪዋ ናት። ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ምላሷ የተሳለ ገረድ ነበረች። ስታየኝ «አንተ የሚስማር ጌታ» ትለኛለች።

በዚያ ዓመት የእመቤቲቱ ባል ሙት ዓመት ደረሰና ለተዝካሩ የሚሆን ጤፍ ተሰፍሮ ለፈጪዋ ተሰጣት። ቀኝ ትከሻዋ ግን አብጦ ነበር። ክንዷን ስታነሣ ፊቷ ሲጨማደድ በበሩ ሽንቁር አየሁ። እመቤቲቱ የተናገሩትን ግቢው ሁሉ ሰምቷል፦ «ካልቻልሽ ቆላ ወርደሽ ጥጥ ትጠብቂያለሽ። እኔ የሚፈጭልኝ አላጣም።» ካቻምና ቆላ የወረደችው ወጥ ሠሪ ንዳድ ይዟት እዚያው ቀርታለች። ፈጪዋ ይህን ታውቃለች።

ከዚያ በፊት ፈረንጁ ሳንቃ ላይ በከሰል ክብ ነገር ሥሎ፣ ከሥሩ ውሃ አድርጎ፣ «እኔ አገር፣ ውሃ ፈጭ» ብሎኝ ነበር። ከዚያ በላይ አማርኛው አልበቃውም። ለእኔ ግን በቃኝ። ሄጄ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምሁ።

«መጁን አስቀምጪ። ከእንግዲህ ውሃው ይፈጭልሻል።»

«ውሃው ማን ነው? ዘመድህ ነው?»

«አራት ቀን ብቻ ስጪኝ።»

ያበጠ ትከሻዋን ዳሰሰች። እሺ ያለችኝ ትከሻዋ ነው እንጂ እሷ አትመስለኝም። ብቻ መጁን አስቀመጠች፤ ወፍጮ ቤቱም አራት ቀን ዝም አለ። የዚያ ዝምታ ዋጋ ምን እንደሆነ ያኔ አላሰብሁም። ቀኑ እየገሰገሰ፣ ጤፉ እንደተቆለለ ነበር።

ሥራውን ሳስበው ዛሬም ወገቤን ይደክመኛል። ከፈረንጁ ፍርስራሽ ሳንቃ ለምኜ መንኮራኩር ገጣጠምሁ። በመሀሉ የሚያልፈውን እንዝርት ከወይራ ጠረብሁ፤ የሚዞርበትን ቦታ ሞራ ቀባሁት። አራት ቅል ለሁለት ለሁለት ሰንጥቄ ስምንቱን ግማሽ በመንኮራኩሩ ዙሪያ ውሃ እንዲቀበሉ በጠፍር አሰርሁ። ከጅረቱ ውሃውን የሚያመጣ አሸንዳ ከጥድ ግንድ ቦረቦርሁ። መዳፌ ተላጠ፤ ሙጫው ቁስሌ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በረኛው፣ የበቅሎ ጠባቂውና ሥራ ፈት የተባለ ሁሉ ተሰበሰበ። ውሃውን ለቀቅሁት። መንኮራኩሩ አንዴ አቃሰተና ዞረ! ቅሎቹ እየሞሉ እየፈሰሱ፣ ጠብታው በፀሐይ እያበራ፣ ሞራው እየሸተተ ይዞራል። ሰው ጮኸ። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ የቆምሁትን አቋቋም ብታዩ ወንዙን የፈጠርሁት እኔ እመስላችሁ ነበር።

ፈጪዋ ትከሻዋን ደግፋ ወጣች። ቆማ አየችው።

«ጎሽ፣ ዞረ» አለች። «ታዲያ መጁስ?»

«መጁ ምን ሆነ?»

«መጅ እኮ አይዞርም። ይሄዳል፣ ይመለሳል።»

በረኛው የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ዕድሜዬን ሁሉ ከዚያ ወፍጮ የወጣ እህል በልቻለሁ፤ በድምፁ ተኝቼ በድምፁ ነቅቻለሁ። መጁ እንዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ወንድ ወፍጮ ቤት ምን ሊያደርግ ይገባል? የውሃ መሐንዲስ ስሆን ወፍጮውን አላውቀውም ነበር።

እሷ አልሳቀችም። ሰዉ ሲበተን «ና ግባ» አለችኝና በሩን ዘጋችው። «ፍጭ።»

«እኔ? ወንዱ?»

«ታዲያ እኔ ሚስማር ላቀብል?»

ጎንበስ ብዬ መጁን ያዝሁ። በሽንቁሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ዱቄቱ ይበናል፤ አቧራማና ሞቅ ያለ ሽታ አለው። ከኋላዬ ሆና፦ «ስትሄድ ጫን፤ ስትመለስ ላላ። በክንድህ አይደለም፣ በወገብህ።» አንድ እፍኝ ሳልጨርስ መጁን ለቅቄ ቁጭ አልሁ። እሷ ይህንን ለስንት ዓመት ቀን በቀን ሠርታዋለች።

በማግስቱ ወገቤን ይዤ እየተንፏቀቅሁ መላ አገኘሁለት። መንኮራኩሩ ላይ፣ ከመሀሉ ፈቀቅ አድርጌ ችካል ተከልሁ፤ በችካሉ ላይ ረጅም ዘንግ አሰርሁ፤ ግድግዳውን ሸንቁሬ ዘንጉን አስገባሁና ጫፉን ከመጁ ጋር በጠፍር አጋጠምሁት። ውሃው ተለቀቀ። መንኮራኩሩ ውጭ ይዞራል፤ መጁ ውስጥ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሷ በግራ እጇ ብቻ ጫን ላላ እያደረገች ጤፉን ትመራለች፤ ቀኝ ክንዷ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ዱቄት ወረደ።

«አሁን እንኳ ዘመድህ መሰለኝ» አለችኝ።

ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ቅል ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ ሌላው። በወጥ ቤቱ ያለውን ቅል ሁሉ ጨርሻለሁ፤ የቀረው ገና ሐረጉ ላይ ለምለም ነው። ከሰዓት በኋላ መንኮራኩሩ ቆመ። ተዝካሩ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ አምስት ቁና ጤፍ አልተነካም። መንኮራኩሬን ተማምና መጁን ባታስቀምጥ ኖሮ፣ እያቃሰተችም ቢሆን ይህን ያህል አይቀርም ነበር።

ተማከርን። እሷ ትነፋለች፣ እኔ በእሷ ክንድ ፈንታ እፈጫለሁ፤ በሩ ይዘጋል፣ ማንም አይሰማም። ሁለት ቀን ፈጨሁ፤ ሁለት ሁለት ቁና። በሁለተኛው ቀን ስወጣ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። የቀረችው አንዷ ቁና የእኔ ናት» አልኋት። ከበሩ አልራቅሁም፤ በረኛው ከነጓደኞቹ ቆሟል። ቅንድቤ ነጭ ነበር።

«ምን ፈጨሽ ዛሬ፣ እቴ? ጤፍ ነው ገብስ?»

«ግድግዳ ስጠግን ነው!» አልሁ።

«ይህች ልጅማ ባል አታጣም!»

ተንከተከቱ። ይኸው ነው የሆነው፤ ሌላ ምንም አልደረሰብኝም። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላሰረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ፈረንጁ ጠርቶኛል ብዬ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። አልጠራኝም፤ ፈረንጁ በዚያ ቀን እንጦጦም አልነበረ፣ አደን ሄዶ ነበር። የሳንቃው ክምር ላይ ተቀመጥሁ። ነፋሱ በጥዱ ውስጥ ያፏጫል። ታች የወፍጮ ቤቱ ክዳን ጥፍሬን አክሎ ይታየኛል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እያየሁት ተቀመጥሁ። መውረጃው ለደህና ሯጭ ምን ያህል ነው? እኔ ደግሞ ሯጭ ነበርሁ።

ስመለስ የዱቄቱ ቁና ሞልቶ፣ ሰፌድ ተከድኖበት ደጃፉ ላይ ነበር። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ ክንዷ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ ወድቋል።

«አንዷ ቁና...» ብዬ ጀመርሁ።

«ውሃው ፈጨልኝ» አለችና ሳቅ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ተዝካሩ ተበላ፤ እመቤቲቱም ቆላውን አላነሡም። ያ ክንድ ግን ከዚያ ወዲህ ከደረቷ በላይ አልወጣም። መቀነቷን በጥርሷ ይዛ በግራ እጇ ትታጠቅ ነበር። ዱቄት ነፊ ሆና እዚያው ቀረች። እኔ እንደፈጨሁላት ለማንም አልተናገረችም፤ እንደቀረሁባትም አልተናገረችም። እኔ ፈረንጁን ተከትዬ ወደ አዲሱ ከተማ ወረድሁ። ስሰናበታት ስለ ብዙ ነገር አወራሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን ቃል አልወጣኝም። መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ዓመት አልፎ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው መንኮራኩሩን ነው፤ ያስቃል። ዛሬ በየሰፈሩ የሞተር ወፍጮ አለ፤ ማንም ሰው ከነከረጢቱ ሄዶ ያስፈጫል። የእኔዋ ቁና ግን በሞተር አትከፈልም፤ የተዋዋልነው በክንድ ነበር። አንዲት ቁና ጤፍ መፍጨት አለብኝ።