አልጠፋ ያለችኝ ቢጫ መብራት

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ምስር በምታህል አንዲት ቢጫ መብራት የተነሳ መኪናዬን ላጣ ነበር። ዛሬም ዳሽቦርድ ላይ መብራት በበራ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ የአጎቴ የአያ አደም ፊት ነው።

መኪናዋ አሮጌ ሚኒባስ ናት። ባለቤቴ ለሥራ ዓረብ አገር ሲሄድ እኔን “ንጂያት” ብሎኝ ሄደ፤ ነጋዴ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴና ጨፋ ሮቢት ገበያ አመላልስባታለሁ። አጎቴን ደግሞ “አደራ፣ እያት” ብሎት ሄደ። ለአያ አደም “እያት” ማለት እዘዝባት ማለት ነው። ሴት መሪ ይዛ ካየ ቁርጠት የሚነሳበት ሰው ነው።

መብራቷ የበራችው ዒድ በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው። ኤቢኤስ ይሉታል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ነገር ነው። መብራቷ ስትበራ እሱ ሥራ አቆመ ማለት ነው እንጂ ዋናው ፍሬን ይይዛል። ይህንን ለተሳፋሪ ማን ያስረዳ? አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አየቻትና “ዘሀራ፣ ይቺ ምንድን ናት?” አለችኝ። “የፍሬን ነገር ናት” ከማለቴ ሽንኩርቷን አስወረደች። ወሬው ተዳረሰ። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ የሄድኩት ግማሽ ወንበር ባዶ ይዤ ነው።

ከተማው ሁሉ “እጁ መድኃኒት ነው” የሚለው መካኒክ ጋ ወሰድኳት። መጀመሪያ ባትሪውን ፈታና “ትንሽ ትረፍ” አለ። መኪናዋ አረፈች፤ መብራቷም ዕረፍቷን ጨርሳ በራች። በማግስቱ የፍሬን ዘይት ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ጥቁር ፕላስተር ቆርጦ መብራቷ ላይ ለጠፈና “ይኸው፣ ጠፋችልሽ!” አለኝ። ወላሂ፣ እየቀለደ እንኳ አልነበረም።

“ጎማው ጋ ያለውን ሴንሰር አይተኸዋል?” አልኩት። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ብዙ ነገር ተምሬ ነበር።

“እህቴ፣ አንቺ መንዳትሽን ንጂ። ጥገናውን ለኛ ተይው።”

አያ አደም ይቺን ነበር የሚጠብቀው። “ዺሲ! ተያት አንቺ ልጅ! የታመመች መኪና ናት፤ ሰው ሳትፈጅ ትሸጥ” አለ። ለባለቤቴ ደውሎ “ፍሬን የላትም” ብሎ አስደነገጠው። ባለቤቴም እሺ አለ። ከባቲ ገዢ ተፈለገና ለሐሙስ ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት ጊቢያችን ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ክሪክ አስገብቼ አነሳኋት። የፊት ግራውን ጎማ ፈታሁ፤ ደህና ነው። ቀኙን ስፈታ ደርቄ ቀረሁ። የጎማውን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ የጨርቁ ሌላኛው ጫፍ ከጎማው ጀርባ ካለው ብረት ጋር ተቋጥሯል። መሪው በዞረ ቁጥር ጨርቁ ሽቦውን እየጎተተው ሶኬቱን ነቅሎታል።

ቋጠሮውን ሳየው አወቅኩት። አያ አደም ፍየል የሚያስርበት ቋጠሮ ነው።

ጠራሁት። “አያ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

ጎንበስ ብሎ አየና “ለክፉ ዓይን ነው” አለ። “የዒድ ለት አጥበሽ አብረቅርቀሽ ስታቆሚያት መንደሩ ሁሉ አፍጥጦባት ዋለ። ማንም በማያየው ቦታ አሰርኩላት።”

“ማንም አላየውማ! መካኒኩም አላየው!”

ጨርቁን ፈታሁ፤ ሶኬቱን ጠርጌ መልሼ ሰካሁ፤ ጎማዎቹንም መልሼ አሰርኩ። ፕላስተሩን ልጬ መኪናዋን አስነሳሁ። አያ አደም ሳይጠራ ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከጊቢ ወጥተን መስጂዱ ጋ ሳንደርስ መብራቷ ጠፋች። እሱ ወደ ውጭ እያየ “አልሃምዱሊላህ” አለ፤ እኔን ላለማየት ነው።

አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው። ለመኪናዋም ለእኔም ስለሚሳሳ እንዳሰረው ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ንዴቴ ብዙ አልቆየም። ከመካኒኩ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቅንም። ፕላስተሩን አስቀምጬዋለሁ።

ሐሙስ የባቲው ገዢ ሲመጣ አያ አደም በር ላይ ቆሞ “አትሸጥም” ብሎ መለሰው። እሑድ ሁለት ፍየል ኋላ አስጫነና ከጎኔ ተቀመጠ። እስከ ሰንበቴ ድረስ ለተሳፋሪው ሁሉ፣ ብልሽቱን ቀኝ ጎማው ጋ ያገኘው እሱ እንደሆነ ሲያወራ ሄደ።