ዜማው የእህቴ ነው

እኛ ቤት ሁሉም ሙዚቀኛ ነው። አባቴ በየሰርጉ ኪቦርድ እየመታ ነው ያሳደገን። ታላቅ እህቴ ትዘፍን ነበር፣ እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ጥዬ ከበሮ ስደልቅ ኖርኩ።

እህቴ አንገቷን ለእንቅርት ኦፕራሲዮን ካደረገች በኋላ ድምጿ አልተመለሰም። አሁን ስታወራ የምታንሾካሹክ ነው የሚመስለው። ከዛ በፊት ግን ራሷ ያወጣችውን አንድ ዜማ አስጠንታኝ ነበር። ግጥም ጻፍኩለትና ገርጂ ጓደኛዬ ስቱዲዮ ገብቼ ዘፈንኩት። ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው፣ «ዜማ ማን ልበል?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት። ሁለት ፊደል ናት።

ሰርግ ላይ ዜማ ባለቤት የለውም፣ የሰማነውን ሁሉ እንጫወታለን። ይሄን ሰበብ ስንት ቀን ለራሴ እንዳወራሁት!

ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ መሰማት ሲጀምር ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ ሬድዮ ጣቢያ ጠራኝ። ፕሮግራሙ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። አቅራቢው፣ «ዜማው እንዴት መጣልህ?» አለኝ። ምላሴ መች ያርፋል!

«ላምበረት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዝናብ እየደበደበኝ።»

ሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ ሬድዮው ገና አልተዘጋም። አባቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ሰልፉ ረጅም ነበር መሰለኝ። ሙሉ ዘፈን አስጨረሰህ» አለ።

ደሜ ፈላ። «አንተስ አባዬ ስንት የሰው ዜማ በልተሃል?»

«ስንቱን! የልጄን ግን አልበላሁም።»

እህቴ ጭራሽ አልተቆጣችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አዝማቹ ላይ ትቸኩላለህ። እዛ ጋ ትንፋሽ ውሰድ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሌላም ዜማ አለኝ፣ እሰጥሃለሁ» አለች። «ብቻ ለሰውየው ደውልና የማን እንደሆነ ንገረው። በሬድዮ ያልከውን በሬድዮ አስተካክል።»

በረንዳ ወጥቼ ደወልኩና እውነቱን ነገርኩት። አቅራቢው ሳቀ። «ብሮ፣ የዝናቡን ታሪክ ሰው ወዶታል እኮ። ካልክ ግን ነገ እናስተካክላለን። አንተ እንዳልክ።»

እንዳልኩ! በእጄ ነበር።

«በቃ ተወው» አልኩት።

ስገባ እህቴ፣ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«አያነሳም።»

«ሥራ ላይ ይሆናል፣ ምስኪን» አለችና አዲሱን ልታሰማኝ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔም ስልኬን አወጣሁ። ልደውል አይደለም፣ ልቀዳት።