በስልክ የተሰየመው ችሎት

አባቴ ሰው ፊት ታመው አያውቁም። ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ወገባቸው አለ፣ ጉልበታቸው አለ፣ እሺ የማይላቸው የግራ እግራቸው አለ። ከአልጋ የማነሳቸው እኔ፣ ከወንበር የማነሳቸው እኔ፣ ኮሪደሯን ደግፌ የማሻግራቸው እኔ ነኝ። በር ሲንኳኳ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። «እንዴት ነዎት?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል» ነው። ሕመምን ለጠያቂ መዘርዘር ለእሳቸው ከልመና አይለይም። ለሐኪማቸው እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩት፤ የቀረውን እኔ በኋላ ደውዬ እጨምርበታለሁ።

የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው፤ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ። ድሮ ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር፤ ካርቶን ስካን አድርጎ መደርደር፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። «ለምን አልደወሉልኝም?» ስላቸው «ሥራ ላይ ነሽ ብዬ» አሉኝ። ብዙም ሳልቆይ ሥራዬን ለቀቅኩ።

የስቴቱ መንግሥት አቅም ያነሰውን ወላጁን ቤት ሆኖ ለሚንከባከብ ልጅ በሰዓት የሚከፍልበት አሠራር አለው። አጭር ኮርስ ወሰድኩ፣ ተፈተንኩ፣ አንድ ኤጀንሲ ቀጠረኝ፤ የገዛ አባቴ ተንከባካቢ ሆኜ ተመዘገብኩ። «አባትሽን በደሞዝ ነው የምትጦሪው?» እያሉ የሚያሾፉ አልጠፉም። ያሹፉ። የሚያሾፈው ሰው መጥቶ አንድ ቀን ሲያነሳቸው አላየሁም። በዚያ ደሞዝ ኪራይ እንከፍላለን፣ እንበላለን፤ አባቴም ቀን ብቻቸውን አይውሉም። ለእኔ ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነበር።

ከዚያ ማሻሻያ መጣ። እኔ በበኩሌ ማሻሻያ መጣ ሲባል መጀመሪያ የምይዘው ቦርሳዬን ነው። ወጪው ከአቅም በላይ ሆነ ተባለ፤ ቤተሰብ የሚሠራው ሁሉ አይከፈልበትም፣ የሁሉም ሰው ሰዓት እንደገና ይገመገማል ተባለ። ገላ ለማጠብ የራሱ ደቂቃ ተቆረጠለት፣ ለማልበስ የራሱ፣ ከወንበር ለማንሳት የራሱ። ካልሲ ለማጥለቅ ሳይቀር። ይህን ያወጡ ሰዎች ክፉ አይመስሉኝም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ያለ አግባብ የሚወስድም መቼም አይጠፋም። ብቻ ከመካከላቸው ያበጠ እግር ላይ ካልሲ አጥልቆ የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ እምላለሁ።

ገምጋሚዋ የመጣች ዕለት አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቋት። ያለበስኳቸው እኔ ነኝ፤ ከራት ጠረጴዛው ጎን ያስቀመጥኳቸውም እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ትሑት ነበረች። አስተርጓሚ በስልክ ላስገባልዎት ወይ ብላ ጠየቀች። አባቴ «ኖ ፕሮብሌም» አሉ። እንግሊዝኛቸው ከ«ኖ ፕሮብሌም»ና ከ«ቬሪ ጉድ» ብዙ አያልፍም፤ ለዚያ ቀን ደግሞ ከሁለቱ የባሰ ቃል አልነበረም። ልብስ ራስዎ ይለብሳሉ? ኖ ፕሮብሌም። ከወንበር ሲነሱ ይቸገራሉ? ኖ ፕሮብሌም። ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ቬሪ ጉድ። እኔ በመሃል ገብቼ «ይሄ እውነት አይደለም» አልኳት። መጀመሪያ ከእሳቸው አንደበት መስማት እንዳለባት በትሕትና ነገረችኝ። አባቴ ደግሞ በአማርኛ «እንግዳ ፊት አታቋርጪኝ» አሉ። ጥርሴን ነክሼ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ።

እስከዚህ ድረስ የሆነውን ማቃናት ይቻል ነበር። የኤጀንሲው ነርስ የጻፈችው አለ፣ የሐኪሙ ወረቀት አለ። የጉዱ ጉድ የመጣው ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን ዘግታ ብድግ ስትል ነው። አባቴ ጠረጴዛውን ተጭነው ተነሱ። በሁለት እጃቸው። እኔ ከወጥ ቤት ደጃፍ ሆኜ ክው ብዬ ቀረሁ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ከሴትዮዋ ኋላ ኋላ ሄዱ፤ በሩን ከፈቱላት፤ ጎንበስ ብለው ሸኟት። እንግዳ ሳይሸኝ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅማ። ሴትዮዋም ደስ አላት፤ እጃቸውን ይዛ በጣም ጠንካራ ሰው እንደሆኑ ነገረቻቸው። በሩ ሲዘጋ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሮጬ ብብታቸው ስር ገባሁና ወለሉ ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እኔ እሳቸውን ለማንሳት ስታገል፣ እሷ ፓርክ ካደረገችበት መኪናዋን አስነስታ ሄዳለች።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። ያለ ረዳት ይቆማሉ፣ ያለ ረዳት ይራመዳሉ ይላል፤ ሰዓታችንም ከግማሽ በታች ወረደ። በዚያ ሰዓት ቤት አይቆምም። እኔ ወደ መጋዘኑ እመለሳለሁ፤ አባቴ ወይ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ፣ ወይ አረጋውያን ማቆያ ይገባሉ። ሌላ ሦስተኛ መንገድ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።  «ይኸው፣ ሸኟት!» አልኳቸው። «ሸኝተው ሸኝተው እኔንም ሊሸኙኝ ነው።»  ጥቂት ቀን ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ነገር አልተነጋገርንም።

ያነጋገረን ይግባኝ የሚለው ቃል ነው። አባቴ አገር ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ይግባኝ እንዳለን ስነግራቸው ቀና አሉ። በስንት ቀን ይቀርባል፣ መልስ ሰጪው ማነው፣ ችሎቱ የት ነው የሚሰየመው፤ ጥያቄው ወረደ። በስልክ ነው ስላቸው የምቀልድ መሰላቸው። «ዳኛው እኔን ሳያዩኝ?» አሉ። «ሳያዩዎት ነው አባባ፣ ስለዚህ የሚያዩት የሚሰሙትን ብቻ ነው። እውነቱን መናገር አለብዎት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዳኛ ፊት አይዋሽም» አሉ። ደጋግመን ተለማመድን። እኔ ዳኛ እየሆንኩ ስጠይቃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተውም ቢሆን፣ ልጄ ናት የምታነሳኝ ይሉ ነበር። ልቤ ትንሽ አረፈ።

ቀኑ ደረሰ። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት። ከኮታቸው ስር እሳቸውን ለማንሳት የምጠቀምበት ሰፊ ቀበቶ ወገባቸው ላይ ታስሯል፤ ከኋላ መያዣ አለው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት። መጀመሪያ አንዲት ጸሐፊ ስማችንን መዘገበች፤ የስቴቱ ተወካይ መስመር ላይ መሆኗን ተናገረች። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጥርት ያለ አማርኛ። «ጤና ይስጥልኝ አባቴ። አስተርጓሚዎ ነኝ» አለች።

የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ «ሐበሻ ናት?» አሉኝ።

«አስተርጓሚ ናት አባባ። የሰማችውን አታወራም፣ ሕግ ነው።»

«የማን ልጅ ናት?»

ይሄኔ ገባኝ። እስከዚያ ቀን በሐሳባቸው ይናገሩ የነበረው ለፈረንጅ ነው። ለፈረንጅ ሁሉንም መናገር ይቻላል፤ ፈረንጅ ለቅሶ ቤት አይገናኝም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ አያይህም። ሐበሻ ግን ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ስንት ነው? ነገ ዛሬ የአንዱ ወዳጃቸው ልጅ ሆና ብትገኝስ? ያን ያህል ሳለማምዳቸው አስተርጓሚዋ የኛው ሰው እንደምትሆን መናገሩ ትዝ አላለኝም።

ዳኛው መግባታቸው ተነገረ። አባቴ ተነሱ። መነሳታቸውን ያወቅኩት ወንበሩ ሲንቋቋ ነው፤ ዘልዬ ቀበቶውን ከኋላ ያዝኩ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ በጆሯቸው። «ችሎት ተሰይሟል» አሉኝ። በልምምዳችን ጊዜ ዳኛው እኔ ስለነበርኩ አልተነሱልኝም። አሁን አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ሌላውን ለመሐላ አነሱ። የሰውነታቸው ክብደት ሁለቱ እጆቼ ላይ ነው።

የስቴቱ ተወካይ የገምጋሚዋን ማስታወሻ አነበበች። ከወንበር ተነስተዋል፣ በር ድረስ ሄደዋል፣ እንግዳ ሸኝተዋል። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ዳኛው አባቴን ጠየቁ፤ አስተርጓሚዋም በአማርኛ፣ ከወንበር እንዴት ነው የሚነሱት አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እነሳለሁ» አሉ።

ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። አሁን ቆመው መሆናቸውን፣ ከኋላ የያዝኳቸውም እኔ መሆኔን ለዳኛው ተናገርኩ። ዳኛው ገረማቸው። ለምን እንደቆሙ አስጠየቁ። አባቴ «ችሎት ፊት ተቀምጬ ልከራከር?» አሉ። መቀመጥ እንደሚችሉ ተነገራቸው። አመሰገኑ፤ ወይ ፍንክች። ዳኛውም ተራ ጥያቄ ጠየቁ፦ ታዲያ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ይችላሉ?

 ክንዴ ዝሏል። ብለቃቸውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የሚወድቅ ሰው ድምፅ ስልክ ውስጥ ይሰማል፤ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል። ሐሳቡ መጣ፣ እኔም ፈርቼ ቀበቶውን አጥብቄ ያዝኩ። ዳኛው ጥያቄውን ደገሙት፤ መማላቸውንም አስታወሷቸው።

አባቴ ሲናገሩ ለዳኛው አልነበረም። «ልጄ» አሉ ለአስተርጓሚዋ፣ «የማን ልጅ ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም እኔን እርሺኝ።»

«እሺ አባቴ» አለች።

«ለዳኛው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ብቻዬን አልቆምኩም። ልጄ ከኋላ ይዛኛለች፣ ብትለቀኝ እወድቃለሁ። ይሄን ልብስ ያለበሰችኝ እሷ ናት።» ፊታቸው አይታየኝም፤ የሚታየኝ ጠዋት እኔው የላጨሁት ማጅራታቸው ነው። «ገላዬንም የምታጥበኝ እሷ ናት። ሴት ልጄ።»

 አስተርጓሚዋ አንድም ሳታስቀር በእንግሊዝኛ አለችው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አለቀስኩ፤ እጄ ስላልተፈታ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም። ዳኛው ውሳኔያቸውን በጽሑፍ እንደሚልኩ ተናግረው አሰናበቱን። አባቴ የተቀመጡት ዳኛው ከመስመር መውጣታቸውን ሁለት ጊዜ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ውሳኔው ሲመጣ ሰዓታችን ከጥቂቱ በስተቀር ተመልሷል። መጋዘኑ ቀረልኝ። አባቴ ቀን ብቻቸውን አይውሉም። አሸነፍን ማለት ነው፤ ወዳጅ ዘመድም እንኳን ደስ ያላችሁ አለን።

ድሮ ሳጥባቸው ወሬ ነበራቸው። የመዝገብ ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሱ፣ አንዱን እያሙ፣ ሌላውን እያመሰገኑ፣ መታጠባቸውን እኔም እሳቸውም ረስተነው ያልቅ ነበር። ከችሎቱ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። «ውሃው ሞቀብዎት?» ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ቶሎ ቶሎ አጥቤ እጨርሳለሁ፤ ከተፈቀደልን ደቂቃ እንኳ ይተርፋል።